መጀመሪያ ፌስታሉን ይዛችሁ ኑ

(መስከረም 11 ቀን፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። በኋላ የተጠየቅኩትንም ጨምሬ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ዛሬ የዓለም የአልዛይመር ቀን ነው። የእድራችን ሊቀመንበር "ስለ መርሳት በሽታ መድኃኒት ትንሽ ንገሪን" ሲሉኝ ለምን እኔን እንደመረጡ ገባኝ። ፋርማሲስት ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እናቴን ታውቋታላችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ እጇን ይዛችሁ ቤት ያደረሳችሁልኝ አላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን በወጉ አላመሰገንኳችሁም።

እንዴት እንደጀመራት ልንገራችሁ። እዚህ ሰፈር ስንገባ እናቴ 71 ዓመቷ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሌላ ብሎክ ደረጃ ትወጣለች። ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። የኛ በር መስሏት ታንኳኳለች። እኛም ብሎኮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው፣ ማንም ይሳሳታል አልን። እውነትም ማንም ይሳሳታል። እንደዚህ እያልን ዓመት ሙሉ በብሎኮቹ ስናመካኝ ከረምን።

አንድ እሁድ ቡና አፈላች። እናቴ ቡና ስታፈላ ማንም እጁን አያስገባም። ቆላች፣ ጭሱን አዞረችልን፣ ወቀጠች። ጀበናው ተንተከተከ። ረከቦቱ ላይ ጎንበስ ብላ አቦሉን ቀዳች። ከጀበናው የወረደው ባዶ ሙቅ ውሃ ነበር። የተወቀጠው ቡና ሙቀጫው ውስጥ እንዳለ ነው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ጎረቤታችን ሲኒዋን አንስታ "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ" ብላ ጠጣችው። እናቴ ግን ፊታችንን በተራ አየች። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷታል፣ ምን እንደሆነ ግን ጠፍቷታል። ያ አስተያየቷ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

በሳምንቱ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ዶክተሩ ብዙ ጠየቃት። ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጆቿን ስም። ሰዓት በወረቀት ላይ አሳላት። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ "የምትወስደውን መድኃኒት በሙሉ ይዘሽ ነይ" አለኝ። የታዘዘውን፣ ያልታዘዘውን፣ ጎረቤት የሰጣትንም።

ቤት ገብቼ መሳቢያዋን ስከፍት አንድ ጥቁር ፌስታል አገኘሁ። ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። 9 ዓይነት መድኃኒት። የግፊቷ ኪኒን አለ፣ የስኳሯ ሜትፎርሚን አለ። እግሬን ያቃጥለኛል ስትል የታዘዘላት አሚትሪፕቲሊን አለ። ለሆድ ቁርጠት ቡስኮፓን። ለማሳከክ ክሎርፌኒራሚን። ክሎርፌኒራሚኑን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ስትለኝ ማታ ማታ አንዷን ዋጪ አልኳት። ትተኛለች፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ከሦስቱ አንዱም ለሷ አልነበረም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ሮቶ ላውራ።

እዚህ ሰፈር ውሃ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሲመጣ ሮቶ እንሞላለን፣ ከዚያ እየቆጠብን እንጠቀማለን። አእምሯችንም ነገር ለማስታወስና ልብ ለማለት የሚጠቀምበት አንድ ኬሚካል አለ። አሴቲልኮሊን ይባላል። ከአንዱ የነርቭ ሴል ወደ ሌላው መልእክት ያደርሳል። አልዛይመር ይህን ኬሚካል የሚሠሩትን ሴሎች ቀስ በቀስ ይገድላል። ስለዚህ ሮቶው በየወሩ እየጎደለ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሰውነታችን ሥራውን የጨረሰውን አሴቲልኮሊን የሚያጠፋ ኤንዛይም አለው። ይህ በጤነኛ ሰው ላይ ደህና ነገር ነው። በጎደለ ሮቶ ላይ ግን እንደ ቀዳዳ ነው።

ዶኔፔዚል፣ ሪቫስቲግሚን፣ ጋላንታሚን የሚባሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት እዚህ ቀዳዳ ላይ ነው። ያጠቡታል። ያለው ትንሽ ይቆያል። ውሃ ግን አይጨምሩም። የሞተውን ሴል አይመልሱም፣ በሽታውንም አያቆሙም።

አሁን ወደ ፌስታሉ ልመለስ። አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ለጉንፋን የምንጠጣው ዳይፈንሃይድራሚን ያለበት ሽሮፕ፣ ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው አርቴን፣ እነዚህ ሁሉ የአሴቲልኮሊንን ሥራ ይዘጋሉ። አንዱ መድኃኒት ቀዳዳውን ሲያጠብ ሌላው ቧንቧውን ይዘጋል ማለት ነው። ለወጣት ሰው ብዙ ላያስቸግሩ ይችላሉ። አፍ ያደርቃሉ፣ ያንጎላጃሉ፣ ያልፋል። ለ75 ዓመት እናት ግን ቀኑን ሙሉ ጭጋግ ውስጥ መዋል ነው። ቡስኮፓን ከነዚህ ይልቅ ወደ አእምሮ የሚገባው ጥቂት ነው፣ ግን ከሌሎቹ ጋር ሲደራረብ እሱም ይቆጠራል።

ስለዚህ ማንም ሰው "እናቴ ትረሳለች፣ መድኃኒት ስጪኝ" ብሎ ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው። ፌስታሉን ይዘህ ና። የሚጨመረውን ከመፈለግ በፊት የሚቀነሰውን እንይ። ግን በገዛ እጃችሁ እንዳታቋርጡ። አሚትሪፕቲሊንን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ቀስ እያሉ ነው የሚቀንሱት።

እናቴ ከሦስቱ ሁለቱ ሲቀሩላት አልዳነችም። ግን ከሰዓት በኋላ ማንጎላጀቷ ቀረ። ያ ለኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ሌላም ሳይታይ መታለፍ የሌለበት አለ። መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ሰው ይረሳል። የቢ12 ቫይታሚን እጥረትም ያስረሳል። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት የወሰደ ሰው ደግሞ ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ድባቴ ያስረሳል። ኤችአይቪና ቂጥኝም አእምሮ ላይ ይደርሳሉ። ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሽማግሌ ከሳምንታት በኋላ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ሊደነጋገር ይችላል። እነዚህ ብዙዎቹ የሚታከሙ ናቸው። "ጃጀች እኮ፣ ዕድሜ ነው" ብሎ መተው የሚታከመውንም ሰው መቅበር ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቃሉ ከበደ። ግን አይቻለሁ።

ስለ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ትንሽ ልዘርዝር። በሽታው ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 ቱቢንገን ከተማ ላይ ስለ አንዲት ታካሚው ተናገረ። ሴትየዋ ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ንግግር በኋላ አሜሪካ የመጀመሪያውን የአልዛይመር መድኃኒት እስክትፈቅድ 87 ዓመት አለፈ። እሱም ታክሪን ነው፣ በ1993። ጉበት እየጎዳ ስላስቸገረ ዛሬ የለም። ዶኔፔዚል በ1996 ተከተለ። እሱን የሠራው ሃቺሮ ሱጊሞቶ የሚባል የጃፓን ተመራማሪ ነው። የራሱም እናት የመርሳት በሽታ ነበረባት። ይህን ሳነብ ሰውየውን የማውቀው ያህል ነው የቀረበኝ። ጋላንታሚን ደግሞ መጀመሪያ የተገኘው አውሮፓ ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ ብቅ ከምትል ነጭ አበባ ነው።

እኛ አገር በብዛት የሚታዘዘው ዶኔፔዚል ነው። በ5 ሚሊግራም ይጀመራል፣ በቀን አንዴ፣ ማታ ከመተኛት በፊት። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታይቶ ሰውነት ከተቀበለው ሐኪሙ ወደ 10 ሊያሳድገው ይችላል። ቶሎ ይስራ ብሎ ከመጀመሪያው 10 መዋጥ ትርፉ ማስታወክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸግራሉ። እናቴን ያቅለሸልሻት ነበር። እንጀራ ታያለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ተቅማጥም መጣ። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ተወት አደረጋት። ሌሊት ደግሞ ህልም እያየች ትጮህ ነበር። ዶክተሩ ኪኒኑን ከማታ ወደ ጠዋት ሲያዛውርላት ህልሙ ቀነሰ። እንዲህ ያለውን ነገር ካልተናገራችሁ ሐኪም ከየት ያውቃል? "አልተስማማትም" ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ሁለት ነገር ግን በጣም ጠብቁ። አንደኛው የልብ ምት ነው። ዶኔፔዚልና ዘመዶቹ የልብ ምት ያዘገያሉ። ለግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ላይ ሁለቱ ሲደመሩ ሊያዞር፣ ራስ ሊያስት ይችላል። እኛ ደግሞ ሊፍት የለንም። አራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት ደረጃ ላይ ራሷን ብትስት ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው። የጨጓራ ቁስል ያለበት፣ ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚውጥ ሰው አስቀድሞ ይናገር። አስም ያለበትም እንደዚሁ።

አንዳንዶች ላይ ደግሞ ሽንት ያመልጣል። ይህን ጊዜ ነው ስህተት የሚሠራው። ሽንት ለመያዝ ሌላ ኪኒን ይታዘዛል፣ ኦክሲቡቲኒን ለምሳሌ። እሱ ደግሞ ያንኑ አሴቲልኮሊን የሚዘጋ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ሰው ውስጥ ገመድ ሲጓተቱ ይኖራሉ። ፌስታሉም ይወፍራል።

ሪቫስቲግሚን እንክብልም አለው፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለው። እንክብሉ በቀን ሁለቴ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚያቆይ ሰው ይህን ለሐኪሙም ለነፍስ አባቱም ይንገር። የታመመ ሰው ጾም እንዴት እንደሆነ ነፍስ አባቶቻችን ያውቃሉ። የሚለጠፈው በቀን አንድ ነው። አዲሱ ከመለጠፉ በፊት አሮጌው ይነሳ። ጀርባ ላይ ሁለት ሦስት ተደራርቦ ቢገኝ ከመጠን በላይ መድኃኒት ነው፣ አደጋ ነው። ሌላው፣ ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠ በነበረበት መጠን አይቀጠልም። ከዝቅተኛው እንደገና ይጀመራል። ይህን ለኛ አገር ሰው ደግሜ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ አንዳንዴ ይጠፋል። ከነማ ትሄዳላችሁ የለም፣ ቀይ መስቀል ትሄዳላችሁ የለም። የቀረው ለ10 ቀን ሲሆን መፈለግ ጀምሩ፣ እስኪያልቅ አትጠብቁ።

ሜማንቲን ሌላ መንገድ ነው። ግሉታሜት የሚባል ሌላ ኬሚካል አለ። ከልክ ሲያልፍ ሴሉን ያስጨንቀዋል። ሜማንቲን ያንን ያረግበዋል። የሚታዘዘው በሽታው መካከለኛ ደረጃ ሲደርስና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ብቻውንም ይሰጣል፣ ከዶኔፔዚል ጋርም ይሰጣል። 5 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየተጨመረ 20 ይደርሳል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ መጠኑ ይቀነሳል።

"ታዲያ ይሠራል?" ትሉኛላችሁ። እውነቱን ልናገር። ሁሉም ላይ አይሠራም። በሚሠራባቸውም ላይ ለውጡ ትንሽ ነው። ሰው ግን ትንሹን የት እንደሚፈልገው አያውቅም። እኔ ደብተር ያዝኩ። ከመጀመሯ በፊት ለሁለት ሳምንት፣ ከጀመረች በኋላም በየሳምንቱ ጻፍኩ። አባቴ ካረፈ 12 ዓመቱ ነው። እሷ ግን "አባትሽ ገባ?" እያለች በቀን 20 ጊዜ ትጠይቀኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ወደ አራት አምስት ወረደ። አንድ ቀን ደግሞ ጉሊት ቲማቲም ገዝታ መልስ ስትቀበል ብሩን ቆጠረችና "አምስት ብር ጎደለኝ" አለች። እውነትም ጎድሎ ነበር። ቤት ገብቼ ደብተሩ ላይ ስጽፍ አለቀስኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተራችሁ ላይ ምንም ከሌለ፣ ሰውየውም እየከሳ ከሆነ፣ ይዛችሁት ሐኪም ጋ ሂዱና "ይቀጥል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብር እያወጡ የማይሠራ መድኃኒት መዋጥ ግዴታ አይደለም።

አሁን ከበድ ያለውን ልናገር። ሌሊት ስለሚጮሁት፣ በር ከፍተው ስለሚወጡት፣ ስለሚማቱት። እንቅልፍ ያጣ ቤተሰብ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አንድ ክሊኒክ ለአንዲት የሰፈራችን እናት ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሃሎፔሪዶል አዘዘላቸው፣ ምንም ሳይመረምር። ጸጥ አሉ። ወንበር ላይ ድርቅ ብለው ይውሉ ጀመር፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል። ልጃቸው "አሁን ረጋ ብላለች" አለችኝ። እርጋታ አልነበረም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስለ አዳዲሶቹ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2008 ሃሎፔሪዶልን የመሳሰሉትን የቆዩትንም ጨመረ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ሲወስዷቸው የመሞት ዕድላቸው ይጨምራል። አንዳንዴ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ሐኪም በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ያዛል። ያ ሌላ ነው። ግን ከሱ በፊት ጠይቁ። የሚያማት ነገር አለ? ሆዷ ደርቋል? ሽንት ስትሸና ያቃጥላታል? መስማት አቅቷት ይሆን? መብራት ሲጠፋ ጥላ እያየች ፈርታ ይሆን? ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከተቀያየረ ደግሞ ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት። አልዛይመር በአንድ ሌሊት አይመጣም። ኢንፌክሽን ግን ይመጣል።

ስለ ጠበል የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። እናቴን እኔም እወስዳታለሁ። ስትጠመቅ ፊቷ ይፈታል። ኪኒኑን ግን አላቆምንም፣ ሁለቱ አልተጣሉም።

አሜሪካ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ "አዲስ መድኃኒት ወጥቷል፣ ላኩልን እንበል?" ብላችኋል። ሌካኔማብንና ዶናኔማብን ማለታችሁ ነው። አንደኛው በ2023፣ ሌላው በ2024 ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። በሻንጣ የሚላክ ኪኒን አይደሉም። በዋናነት በደም ሥር የሚሰጡ ናቸው፣ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ። በየጊዜው የጭንቅላት ኤምአርአይ ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም አእምሮ ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያመጡ ይችላሉ። የሚሰጡትም ገና ጅምር ላይ ላለ ሰው ነው። የበሽታውን ሂደት በመጠኑ ያዘገያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም። ልጆቻችሁን አታስጨንቁ። ይልቅ የሚልኩት ካለ ቤት ውስጥ የሚያግዝ ሰው የሚቀጠርበት ይሁን።

ስጨርስ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ባለቤታቸው ከታመሙ ሰባት ዓመታቸው ነው። "ልጄ፣ አሁን እኔንም አታውቀኝም። ኪኒኑን ባቆመው ኃጢአት ይሆንብኛል?" አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ጋሼ፣ ኃጢአት አይሆንብዎትም አልኳቸው። ግን ብቻዎን አይወስኑ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 እንግሊዝ አገር 295 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ወጥቶ ነበር። በሽታው የጠናባቸው ሰዎች ናቸው። ዶኔፔዚልን የቀጠሉት ካቆሙት በትንሹ ተሽለው ተገኝተዋል፣ በአእምሮም በዕለት ሥራም። ስለዚህ "አላወቀችኝም" ማለት ብቻውን "አይሠራም" ማለት አይደለም። መዋጥ ካቃታቸው፣ ከከሱ፣ ልባቸው ከዘገየ ግን ሐኪሙ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ከቀነሰ በኋላ ጥቂት ሳምንት ይመለከታል። ከባሰባቸው መመለስ ይቻላል። "ሰባት ዓመት እያበሉ፣ እያጠቡ ያኖሯቸው እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ ሌላ አልተናገሩም።

ከዚያ አንዷ "የናትሽስ አሁን እንዴት ነው?" አለችኝ።

ሜማንቲን ከተጨመረላት ስምንት ወር ሆናት። በስሜ አትጠራኝም። "እትዬ" ትለኛለች፣ ታላቅ እህቷን የምትጠራበት ነው። እሁድ እሁድ ቡናውን አሁንም የምትቆላው እሷ ናት። ትወቅጣለችም። ጀበናው ውስጥ የምጨምረው እኔ ነኝ። ብቅ በሉ፣ ሰው ሲመጣ ደስ ይላታል።